ቡሽራ የጣለኝ ወራት

ጥቅምት 6 ቀን 2010፣ ጭሮ

አብዱረዛቅ ከድሬዳዋ ደወለ። ቡጢም እርግጫም ትግልም የተቀላቀለበትን የድብልቅ ፍልሚያ ውድድር የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ ክረምት ላይ አዳማ የተዋረድኩበትንም ያዘጋጀው እሱ ነበር። «ጥር ላይ ድሬ እናዘጋጃለን። ያው ልጅ አንተን ይፈልጋል። ትመጣለህ ወይስ በቃህ?» አለኝ። የደንበኛ ራስ ግማሹን ላጭቼ ግማሹ ይቀረኛል። «እመጣለሁ» አልኩ። ማሰብ የጀመርኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

የአዳማውን እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቴኳንዶ ተምሬያለሁ፤ አሁንም አመሻሽ ላይ በቤተ ክርስቲያናችን የኋላ አዳራሽ አስተምራለሁ። ቆሜ ከሆነ ማንንም አልፈራም። ያ ልጅ ግን ሊማታ አልመጣም። ጎንበስ ብሎ ሁለት እግሬን አቀፈና እንደ ጆንያ ዘረጋኝ። በቴኳንዶ ሰው ሲወድቅ ዳኛው «ካልዬ!» ይላል፤ ትለያያላችሁ፤ የወደቀው ተነስቶ ቀበቶውን ያስተካክላል። እኔም በጀርባዬ ተጋድሜ ዳኛውን ጠበቅኩ። ልጁ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ይደበድበኛል፣ እኔ ዳኛ እጠብቃለሁ! ቪዲዮው በየሰው ስልክ ጭሮን ዞራት። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ከዚያ ወዲህ አልመጡም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ማሸነፉ ይቅርብኝ። ጥር ላይ አልውደቅ ብቻ።

ጥቅምት 10

ስልክ ላይ ያየሁትን ከኢያኤል ጋር ሞከርኩ። ኢያኤል ጸጉር ቤቱን አብሮኝ የሚሰራው ነው። ሰውየው እግርህን ሊይዝ ሲገባ ዳሌህን ወደ ኋላ ትጥላለህ፣ እግርህን ትዘረጋለህ፣ ክብደትህን ጀርባው ላይ ታሳርፋለህ። ክንድህን በብብቱ ስር ታስገባና ቀና ታደርገዋለህ። ለማየት ቀላል ነው። ኢያኤል እግሬን ሲይዝ ሳቁ ያሸንፈዋል። «እህል በረንዳ ጆንያ የሚያራግፍ የሚኤሶ ልጅ አለ፣ ቡሽራ የሚሉት» አለኝ። «በትግል የጣለው ሰው የለም። ከእኔ ጋር ስትዳራ ጥር ይደርስብሃል።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እሄዳለሁ።

ጥቅምት 14

ቡሽራን አገኘሁት። ቁመቱ ከትከሻዬ አይበልጥም። አንገቱ ግን ከትከሻው ጋር አንድ ነው። ቆላው ስላልተረጋጋ ወደዚህ ወጥቶ አጎቱ ጋር ነው ያለው።

«አቦ፣ አንተ ያ በእግር የምትማታው ልጅ አይደለህ? ቪዲዮ አይቻለሁ። ወላሂ አዘንኩ።»

«እንዳልወድቅ አስተምረኝ።»

ሳቀ። «እኔ መጣል ነው የማውቀው። አለመውደቅ አላውቅም፣ ወድቄ አላውቅማ።»

ክፍያ አልፈልግም አለ። ጸጉሩን ልቆርጥለት ተስማማን።

ጥቅምት 22

ጣለኝ። ጣለኝ። ጣለኝ። ደክሞኛል፣ መጻፍ አልችልም።

ጥቅምት 27

እግሬን አንድ ላይ አድርጌ በጎን መቆሜ ነው የሚያስጥለኝ። ቴኳንዶ ያስተማረኝ አቋም ለትግል ግብዣ ነው። ሰፋ አድርጌ መቆም፣ እጄን ዝቅ ማድረግ፣ ከፍ ያለ እርግጫ መተው አለብኝ። እርግጫ ከተውኩ ምን ቀረኝ?

ሌላ ችግር አለ። ቡሽራ ሲጥለኝ ወዲያው «ከኢ! ተነስ!» ይልና እጁን ይዘረጋል። ያነሳኛል፣ ጀርባዬን ያራግፍልኛል። ዛሬ «አታንሳኝ፤ ላዬ ላይ ሁንና ከስርህ መውጣት ልልመድ» አልኩት። እንደ ተሳደብኩ አየኝ።

«እኛ ጋር ከብት ጥበቃ ላይ ስንታገል መሬት የነካ ሰው አይነካም። ትግሉ አልቋል። የጣለው ያነሳዋል። ጥሎት የቀረ፣ ላዩ ላይ የተቀመጠ፣ ሰው አይደለም። ነውር ነው።»

«ድሬ ላይ እኮ ነውር አያውቁም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እምቢ አለ። ስለዚህ ልምምዳችን እስከ መውደቅ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያስተምረኛል? እኔ ዳኛ ስጠብቅ ያደግኩ፣ እሱ ወዳጁን ሲያነሳ ያደገ። ጥሩ ተገናኘን።

ኅዳር 3

ጋሽ ተስፋዓለም ከቡሽራ ጋር የምንለማመድበትን አዳራሽ ከለከሉን። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ ቶሌሳ፣ ቴኳንዶው ሥነ ሥርዓት ያስይዛል ብለን ፈቀድን። ይሄ ሰው ከመሬት ማጋጨት ግን በጌታ ቤት አይሆንም። ያነጠፋችኋቸው ፍራሾችም የእንግዶች መኝታ ናቸው።» ምን እላቸዋለሁ? «እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል።

ከነገ ጀምሮ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ነን። መሬቱ ደረቅ ነው። ጆንያ እናነጥፋለን።

ኅዳር 12

አስቆምኩት! ቡሽራ ገባ፣ ዳሌዬን ጣልኩ፣ ግራ ክንዴ በብብቱ ስር ገባ፣ ቀና አደረግኩት። ቆሜ ቀረሁ። ጫኞቹ አጨበጨቡ። ቡሽራ ራሱ ከእኔ በላይ ደስ አለው። «አቦ፣ ይሄ ክንድህ ነው ቁልፉ፣ ግራው» አለ። ዛሬ በደንብ እተኛለሁ።

ኅዳር 18

ቡሽራ ሲጥለኝ በጭንቅላቴ መሬት መታሁ። ጆንያው ተንሸራቶ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ከአንገቴ እስከ ግራ ጣቶቼ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር ሮጠና ጠፋ። ቡሽራ በግራ እጄ ሲያነሳኝ ጮህኩ። እሱ ደነገጠ። እኔ ሳቅኩበት።

ኅዳር 19

ማበጠሪያ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ቅባት ነክቶት ነው።

ኅዳር 25

ክንዴ ላይ ተኝቼበት አድሬ ጠዋት ደነዘዘ። እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ብርዱም ነው።

ኅዳር 30

ሲስተር ሳህሊቱ አየችኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ግቢያችን ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ተከራይታለች። ቧንቧው ጋ ጀሪካኗን ልሸከምላት በግራዬ አነሳሁት፤ መሬት ላይ ፈረጠ። ውሃ በስንት ቀኑ መጥቶ!

አልተቆጣችም። «ና፣ ቁጭ በል። ዓይንህን ጨፍን።» መርፌ ቁልፍ አወጣች። «የትኛውን ጣትህን ነካሁ?»

«አውራ ጣቴን።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ አልነካሽም።»

«ሁሉንም ነክቻለሁ ቶሌሳ።»

ዓይኔን ስገልጥ ትንሿ ጣቴ ላይ ደም አለ። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። በሕክምና እንደዚያ ነው መሰለኝ። «ሐረር ሄደህ አንገትህን ይዩልህ። እስኪያዩህ ድረስ እንዳትወድቅ። ይገባሃል? እንዳትወድቅ።»

«እኔም እኮ የምለማመደው እሱን ነው» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ከጥር በኋላ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 8፣ እሑድ

ዛሬ በአምልኮ መካከል እንግዳው አገልጋይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እዚህ ውስጥ ግራ እጁ የደነዘዘበት ሰው አለ። ጌታ ሊነካህ ይፈልጋል፣ ውጣ» አለ። ጋሽ ተስፋዓለም ከመድረኩ አጠገብ ሆነው ወደ እኔ አዩ። እሳቸው እንዴት አወቁ? ነግረውት ይሆን? ጌታ ነግሮት ይሆን? ብወጣ ግን ከተማው በሙሉ ያውቃል። አብዱረዛቅም ይሰማል፤ ከውድድሩ ያወጣኛል።

«ውጣ፣ አትፈር» አለ ደግሞ። እግሬ ከወንበሩ ስር አልንቀሳቀስ አለ። አንዲት እናት ወጡና እጃቸው ታሸ፤ እልል ተባለ። ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። የማጨብጨቡ ምት በግራ እጄ አይሰማኝም።

ጌታ ሆይ፣ ከጥር በኋላ እወጣለሁ። እንዲህ ተብሎ ይጸለያል? እኔ ጸለይኩ።

ታኅሣሥ 16

የሰው ጆሮ ቆረጥኩ። ጫፉን ነው፤ ትንሽ ነው፤ ግን ደም የነካው ፎጣ ብዙ ያስወራል። ሰውየው ሲወጣ በር ላይ ለሚጠብቁት፣ «ልጁ ቅሞ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል» ሲል ሰማሁት። ጭሮ ተወልጄ አንድ ቅጠል ሳልቀምስ ያደግኩ ሰው! ወጥቼ ልናገር አልኩና፣ «ታዲያ ለምን ይንቀጠቀጣል?» ቢለኝስ?

ከሰዓት በኋላ ኢያኤል ምላጮቹን ከእኔ መሳቢያ ወደ እሱ መሳቢያ አዛወረ። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይሄ ነው።

ታኅሣሥ 23

ዛሬ ቡሽራን ደጋግሜ አስቆምኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀስ እያልኩ ሳስተውል የሚያስቆም የለም፤ እሱ ራሱ ነው የሚቆመው። እንደ እንቁላል ይይዘኛል።

«አሳዘንኩህ እንዴ?»

«እጅህ…» አለ።

«እጄ ምን ሆነ? እጄ ደህና ነው! ጣለኝ እንጂ! ድሬ ላይ ማን ሊያዝንልኝ ነው?»

ጫኞቹ ሰምተዋል። ጣለኝ። እንደገና አልኩ፣ እንደገና ጣለኝ። ሲያነሳኝ ፊቴን አላየኝም። ደግ ሰው ላይ ጮህኩ። ግን ምን ላድርግ? ሌላ ማን አለኝ?

ጥር 2

ኔት የለም። የሚታይ ነገርም አለቀብኝ። በቀኝ ክንዴ ብቻ መከላከል ሞከርኩ። አንዳንዴ ይሰራል።

ጥር 10

ሳህሊቱ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ድሬ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ሥራዬ ሆኖ ነው የምለምንህ መሰለህ?» ብላ ገባች። በሯን አልዘጋችውም። ቆሜ ቆየሁና ወደ ክፍሌ ገባሁ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። አሁንም አልገባኝም።

ጥር 14

ትናንት ተጋጠምኩ። ዛሬ በአውቶቡስ ተመለስን። ቀኝ ክርኔ አብጧል፤ ግን ብዕር ይይዛል። ሁሉንም ልጻፍ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በእኔ በኩል ቡሽራ ፎጣና ውሃ ይዞ ቆሟል። ሕጉን ነግሬዋለሁ፤ ራሱን ነቅንቋል፤ አሁን ሳስበው የነገርኩት ስለ ፎጣው ብቻ ነው፤ ውስጥ አትግባ አላልኩትም።

ልጁ እንደ አዳማው ወዲያው ገባ። ዳሌዬን ጣልኩ። አልያዘኝም! ሲነሳ በቡጢ አገኘሁት። እንደገና ገባ፣ እንደገና አስቆምኩት። ሕዝቡ «አቦ ጭሮ!» እያለ ነው። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ይሄንን ማንም አይወስድብኝም። ቆሜ ነበር።

ቀጥሎ ሲገባ በግራዬ በኩል መጣ። ክንዴ በብብቱ ስር መግባት ነበረበት። አዘዝኩት። ትከሻዬ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ከዚያ በታች ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። አነሳኝና ጣለኝ።

ጀርባዬ መሬት ሲነካ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። ወደ ላይ፣ እንዲያነሱኝ። ወራቱን ሙሉ ወድቄ የተነሳሁት እንደዚያ ነዋ! ልጁ ስጦታ አገኘ። የዘረጋሁትን እጅ ያዘና እግሮቹን አንገቴ ላይ አሻግሮ ክርኔን ወደ ኋላ ማጠፍ ጀመረ።

የተሸነፈ ሰው በነጻው እጁ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል፤ ዳኛው ያስቆማል። ነጻው ግራዬ ነው። ምታ አልኩት። አልመታም። ዳኛው ቁጭ ብሎ ያንን እጅ ያያል፣ እጁ ተጋድሟል። አፌ ውስጥ የጥርስ መከላከያ አለ፤ «በቃ! ገኤ!» ብዬ ጮህኩ፣ የወጣው የበሬ ድምፅ ነው። ሕዝቡ ጀግና ነው፣ አልሰጥም አለ ብሎ ያጨበጭባል። ክርኔ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ሰማሁ።

ያኔ ቡሽራ ገባ። ገመዱን ዘሎ ልጁን በወገቡ አቅፎ ከላዬ ላይ አነሳው፤ ቀስ ብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው። ከዚያ እኔን በብብቴ ይዞ አቆመኝ። ጀርባዬን አራገፈልኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው በሕግ ጥሰት ተሸናፊ አደረገኝ። አብዱረዛቅ ሁለተኛ እዚህ እንዳላያችሁ አለ።

አውቶቡስ ውስጥ ቡሽራን አላናገርኩትም። መንገድ ላይ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ፣ አልተቀበልኩም። ማን ግባ አለው? ምናልባት እወጣ ነበር። ምናልባት ደወሉ ይደርስልኝ ነበር። አዋረደኝ።

ጥር 23

ቡሽራ ጸጉሩን ሊቆረጥ መጣ። መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ለኢያኤል የለም በለው አልኩት። «ክርኑ ተሰብሯል?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ኢያኤል «አልተሰበረም» አለው። «አልሐምዱሊላህ» አለና ሳይቆረጥ ሄደ።

የካቲት 6

ሐረር ልሄድ ነበር። መንገድ ዝግ ነው።

የካቲት 24

ሐረር ታይቼ መጣሁ። የሰጡኝን ወረቀት ለሳህሊቱ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ አነበበችው። «አንገትህ ውስጥ ነርቩን የተጫነው ነገር አለ። እጅህ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ሌላ ክፉ አወዳደቅ ግን እግርህንም ይወስደዋል። መቆም የሚባል ነገር አይኖርም።» ላጽናናት ፈልጌ «አይዞሽ» አልኳት። እሷን!

ታምሜያለሁ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ስትጠየቅ ክርኔ ነው በል፣ ቶሌሳ።

መጋቢት 3፣ ሌሊት

አብዱረዛቅ ደወለ። የድሬው ቪዲዮ ከአዳማው የበለጠ ዞሯል። «ሰው ወዶታል! እጅ አልሰጥም ያለው ልጅ እያሉህ ነው። ቅጣቱን አንስተናል። ሰኔ ላይ ሦስተኛው ግጥሚያ፣ እሺ?»

«እሺ» አልኩ።

እንዴት እሺ ይባላል? አፌ ነው ያለው። ወረቀቱ እዚህ ትራሴ ስር ነው፣ ሁሉንም ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ። ለጋሽ ተስፋዓለም እሺ፣ ለአብዱረዛቅ እሺ። እጅ አልሰጥም ያለው ልጅ! እጁ እምቢ ብሎት ነው ብል ማን ያምነኛል? አንድ ሰው ቢያቆመኝ ደስ ይለኛል። ደግሞ ማንም እንዲያቆመኝ አልፈልግም። ፈራሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በጣም ነው የፈራሁት።

መጋቢት 6

እህል በረንዳ ሄድኩ። ቡሽራ ከጭነት መኪና ላይ ማሽላ ያወርዳል። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። «ሰኔ ላይ ውድድር አለ፤ ነገ እንጀምር» አልኩት።

ጆንያውን አስቀመጠ። «ሲስተሯ እዚህ መጥታ ነበር። ነግራኛለች።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አንተ አልነገርከኝም። እኔም ከኅዳር ጀምሮ እጅህን አይቻለሁ። ጣለኝ ስትል ጣልኩ። ወላሂ እንቅልፍ የለኝም።»

«አሁንም ጣለኝ እያልኩህ ነው።»

«አልጥልም።»

«እንግዲያው እኔ እጥልሃለሁ!» በቀኜ ደረቱን ገፋሁት። ጎንበስ ብዬ እግሩን ያዝኩ። ግድግዳ ነው። ጫኞቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። እልህና ለቅሶ ተቀላቅሎብኝ እየገፋሁ ሳለ ቡሽራ እጄን ከእግሩ ላይ ቀስ ብሎ አላቀቀና፣ ራሱ ቁጭ አለ። አቧራው ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ። ያን ሰው መሬት ላይ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ወደቅኩ» አለ። «ጣልከኝ። አሸነፍክ። ትግሉ አለቀ፣ አቦ።»

«ተነስ፣ ሰው እያየ ነው።»

«አልነሳም። ለሰውየው ደውል።»

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። የመጋዘኑ ኃላፊ ከውስጥ ጮኸ። ቡሽራ ከመኪናው ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ወደ ላይ ያየኛል። ላነሳው ብሞክር በምኔ? ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ጀግናው!» አለ አብዱረዛቅ።

«አልመጣም።»

«ለምን?»

ሥራ በዛ ልል ነበር። መቻራ ያለችው እናቴ ታመመች ልል ነበር። ሁለቱንም መንገድ ላይ አዘጋጅቻቸዋለሁ። «አንገቴ ተጎድቷል» አልኩ። «ግራ እጄ አይሰራም። ድሬ ላይ እጅ ልሰጥ ፈልጌ ነው፣ እጄ ነው ያቃተው።» ለሳህሊቱ ያላልኩትን፣ ለጌታ እንኳ በትክክል ያላልኩትን፣ ጫኞቹ ሁሉ እየሰሙ ነገርኩት። አብዱረዛቅ «አብሽር ወንድሜ» ብሎ ዘጋው።

እንባዬን መጥረጊያ እጅ አጣሁ፤ በአንዱ ስልክ ይዣለሁ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቀኝ እጄን ለቡሽራ ዘረጋሁለት።

«ተወው» አለኝ፣ «የታመመው ክርንህ ነው። ራሴ እነሳለሁ።»